ዊንዶውስን ላፕቶፕ ላይ እንደገና መጫን አልሳካ ሲል፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

ዊንዶውስ ሊጫንበት ተጀምሮ መሃል ላይ የቀረ ላፕቶፕ ከደሴና ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያና ላሊበላ ባሉ ጥገና ቤቶች የዘወትር ሥራ ነው። ባለቤቱ ዕቃውን ሲያስረክብ «ፎርማት ላደርገው ብል እምቢ አለኝ» ይላል፤ ሥራው የት ላይ ሲደርስ እንደቆመና ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ አያስታውስም። ለጥገና ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መረጃ ግን ይኸው የቆመበት ቦታ ነው። ፍላሹን ማንበብ ያቃተው፣ ዲስክ አላገኘሁም ያለው፣ ፋይል እየገለበጠ ሳለ የቆመው እና ዳግም ሲነሣ ወደ መጀመሪያው የተመለሰው ላፕቶፕ አራት የተለያዩ ችግሮች ያሉባቸው ናቸው፤ አራቱንም ደግሞ ደጋግሞ ፎርማት ማድረግ አያድናቸውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፋይሎቹ ደኅንነት ነው፤ ቀጥሎ የቆመበትን ቦታ ይለያል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ለየብቻ ያያል። የሚመለከተውም ዊንዶውስ 10ን እና ዊንዶውስ 11ን ነው።

ፋይሎቹን ማዳን

መጫኑ ስለተቋረጠ ብቻ በዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ላፕቶፕ ብቻ ያስቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም የዱቤ መዝገቡን በኮምፒዩተር የያዘ ነጋዴ ከዕቃው ይልቅ የሚያስጨንቀው ሰነዱ ነው፤ እኔም ይህን ክፍል ከሌሎቹ አስቀድሜ የጻፍሁት ለዚሁ ነው። ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍሎች) እስካልሰረዙና ፎርማት እስካላደረጉ ድረስ ፋይሎቹ በቦታቸው አሉ። በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ተደርጎም ቢሆን፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚሰረዘው የፋይሎቹ ማውጫ እንጂ ፋይሎቹ ራሳቸው ስላልሆኑ፣ ሌላ ነገር እስካልተጻፈባቸው ድረስ በፋይል መመለሻ ፕሮግራም የመገኘት ዕድል አላቸው። የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ትሪም የሚባለው አሠራር ባዶ የተባለውን ቦታ በፍጥነት ስለሚያጸዳው ተስፋው በጣም ያነሰ ነው። በሁለቱም ሁኔታ «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሜ ልሞክር» ማለት የቀረውን ዕድል ያጠፋል።

ፋይሎቹን ለማውጣት ዊንዶውስ መነሣት አያስፈልገውም። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱን የመሰለ የሊኑክስ ሥርዓት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነጻ ሥርዓት) በፍላሽ አዘጋጅተው ላፕቶፑን ከዚያ ያስነሡት፤ ሲነሣ መጫን የሚለውን ትተው ሳይጫን ለመሞከር የሚያስችለውን ምርጫ ይጫኑ። ከዚያ የፋይል መስኮቱን ከፍተው የላፕቶፑን ዲስክ ያገኙታል፤ ሰነዶቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ ወይም ወደ ሌላ ፍላሽ ይቅዱ። ዲስኩ የይለፍ ቁልፍ ከጠየቀ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በቢትሎከር ተቆልፏል ማለት ነው፤ የሚከፈተውም 48 አሃዝ ባለው የመክፈቻ ቁጥር ሲሆን፣ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ በተጠቀመበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ቁጥሩን ሳያገኙ ዲስኩን ማጽዳት ፋይሎቹን ለዘለዓለም መሰናበት ነው።

አዲሱ ዊንዶውስ ፎርማት ሳይደረግ በአሮጌው ላይ ተጭኖ ከሆነ ደግሞ በሲ ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ይፈልጉ፤ የቀድሞው ዴስክቶፕና ሰነዶች እዚያ ውስጥ ናቸው። ሥርዓቱ ከጊዜ በኋላ በራሱ ስለሚሰርዘው ሳይዘገዩ ይቅዱት።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለኝ። በቆየው ፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች የዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚያውቁት የፊደል ኮድ) ፊደል የላቸውም፤ ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። የቀበሌና የትምህርት ቤት የቆዩ ደብዳቤዎች፣ የዕድር መዝገቦችና የመሬት ማመልከቻዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ሰነዶቹን ሲቀዱ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን የፎንቶች ፎልደርም አብረው ይቅዱ።

የመብራቱ ጉዳይ

ክረምት ላይ በደሴ ሰማይ ነጎድጓድ ሲጀምር መብራት መቆራረጡ የተለመደ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ ሲሠራ ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ መቋረጥ እንኳ ሥራውን ያበላሸዋል። ባትሪው ቢያንስ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይጀምሩ፤ ባትሪው የማይይዝ ከሆነ ዩፒኤስ ይጠቀሙ ወይም ከጎረቤት ተውሰው ይሥሩ። በመብራት መጥፋት የተቋረጠ መጫን ዕቃውን አይሰብርም፤ ከመጀመሪያው እንደገና መጀመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ባዮሱን፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ አፕዴት ማድረግ ግን ከዚህ ይለያል። እርሱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ላፕቶፑ ጭራሽ ላይነሣ ስለሚችል፣ የሚይዝ ባትሪ ሳይኖር አይሞከርም።

የቆመበትን ቦታ መለየት

ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከመዝጋትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። የሚወጣው ረጅም የስህተት ቁጥር፣ የመጫኛው መቶኛ ስንት ላይ እንደደረሰ፣ እንዲሁም ከዚያ በፊት ላፕቶፑ ስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደተነሣ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ፎቶውን ካነሡ በኋላ ከሚከተሉት ክፍሎች የእርስዎን ሁኔታ የሚመለከተውን ይምረጡ፤ ሁሉንም በተራ መሥራት አያስፈልግም።

ላፕቶፑ ከፍላሹ አልነሣም ካለ

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍላሹ ነው። የአይኤስኦ ፋይሉን፣ ማለትም መጫኛው በሙሉ የታሸገበትን ፋይል፣ እንደ ማንኛውም ፋይል ገልብጦ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ፍላሹን መጫኛ አያደርገውም፤ ይህ ስህተት ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። መጫኛ ፍላሽ የሚዘጋጀው በማይክሮሶፍት የራሱ የማዘጋጃ ፕሮግራም ወይም ሩፉስን በመሰለ መሣሪያ ሲሆን፣ ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሊኖረው ይገባል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ፍላሽ ላይ 64 ተጽፎበት በውስጡ ያለው ቦታ ከዚያ በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ፍላሽ ፋይሉን ተቀብሎ የሞላ መስሎ ይታይና ሲነበብ ግን ከመሃሉ ጀምሮ ባዶ ነው። ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የተባለው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያሳያል።

የአይኤስኦ ፋይሉ ራሱም መፈተሽ አለበት። መጠኑ ከ5 ጊጋባይት ስለሚበልጥ በሞባይል ዳታ ማውረድ ለኪስ ይከብዳል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ከጓደኛ ይቀዳዋል፣ ወይም በቴሌግራም ተቆራርጦ የተላከውን መልሶ ያገጣጥመዋል። ቴሌግራም ለመደበኛ ተጠቃሚ በአንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለማያሳልፍ ፋይሉ ቢያንስ ለሦስት ይቆረጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ጎድሎ ከወረደ ሙሉው ሥራ ከንቱ ነው። ማይክሮሶፍት በማውረጃ ገጹ ላይ የእያንዳንዱን ፋይል ሻ 256 (SHA256) የተባለ መለያ ቁጥር ያወጣል፤ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል (certutil) የተባለ ትእዛዝ ደግሞ በእጅዎ ያለውን ፋይል ቁጥር ያሰላልዎታል። ሁለቱ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያዩ ፋይሉን ይጣሉት። «ላይት» ወይም «ሁሉ ነገር የተጫነለት» እየተባሉ የሚዞሩትን የተነካኩ ቅጂዎች እኔ ለማንም አልመክርም፤ ከውስጣቸው የተቆረጠው ክፍል ለየትኛው ላፕቶፕ እንደሚያስፈልግ የቆረጠው ሰው አያውቅም፤ የተጨመረባቸውንም እርስዎ አያውቁም።

ፍላሹ ደኅና ከሆነ የመነሻ ምርጫው ይቀራል። ላፕቶፑን ሲያበሩ ወዲያው የሚጫነው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል፦ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ ነው። ኤሰር ላይ ኤፍ 12 እንዲሠራ አስቀድሞ በኤፍ 2 ባዮስ ገብቶ መፍቀድ ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ የሌኖቮ ሞዴሎች ደግሞ በጎናቸው በመርፌ ወይም በወረቀት ማያያዣ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ እርሷን ሲጫኑ የመነሻ ዝርዝሩ ይመጣል። በዝርዝሩ ላይ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ከታየና አንደኛው ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የአነሣሥ መንገድ) የሚል ቅጥያ ካለው፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠራ ላፕቶፕ ላይ ያንን ይምረጡ። ፍላሹ ጨርሶ ካልታየ ወደ ሌላኛው መሰኪያ ያዛውሩት፤ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ከሰማያዊው ይልቅ ጥቁሩ መሰኪያ የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

መጫኛው ተነሥቶ ዲስክ የለም ካለ

ይህ በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የሚበዛ ችግር ነው። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ባሉት ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ቪኤምዲ በሚባል መቆጣጠሪያ በኩል ስለሚያልፍ፣ መጫኛው የመቆጣጠሪያው ድራይቨር (ዕቃውን የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም) ከሌለው ዲስኩን አያየውም። ዲስኩ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ ኤስኤስዲ ከተገዛ በኋላ አዲሱም ሳይታይ ሲቀር ብቻ የሚደረስበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባዮስ ውስጥ ይግቡና ዲስኩ በስሙና በመጠኑ ተዘርዝሮ እንደሆነ ይመልከቱ።

ባዮሱ ዲስኩን ካየው መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርደው፣ የታሸገውን ፈትተው፣ ፎልደሩን በዚያው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ እና በዲስክ መምረጫው ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭነው ማሳየት ነው፤ ዲስኩ ወዲያው ብቅ ይላል። ሁለተኛው ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ማጥፋት ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዲስኩ ላይ ያለው የቀድሞ ዊንዶውስ ቪኤምዲ በርቶ የተጫነ ከሆነ ከዚያ በኋላ ስለማይነሣ፣ ሙሉ በሙሉ ሊጸዳ በተወሰነ ዲስክ ላይ ብቻ ይደረግ።

ባዮሱም ካላየው ጉዳዩ የግንኙነት ወይም የዲስኩ ሞት ነው። ላፕቶፑን ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ የኋላ ክዳኑን መክፈትና ዲስኩን ነቅሎ በደንብ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክዳን ከፍተው የማያውቁ ከሆነ ይህንን ለባለሙያ ይተዉት፤ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የባትሪው ሪባን በቀላሉ ይቀደዳል።

ዲስኩ ታይቶ በዚህ ላይ አልጫንም ካለ

ዲስኩ ጂፒቲ ነው ወይም ኤምቢአር ነው የሚል መልእክት ከመጣ፣ ፍላሹ የተነሣበት መንገድና ዲስኩ የተከፋፈለበት መንገድ አልተስማሙም ማለት ነው። ዩኢኤፍአይ ጂፒቲን፣ የቀድሞው ሌጋሲ ደግሞ ኤምቢአርን ይፈልጋል። ለዛሬ ላፕቶፕ ትክክለኛው ዩኢኤፍአይ ከጂፒቲ ጋር ስለሆነ፣ ሌጋሲን አጥፍተው ፍላሹን በዩኢኤፍአይ ያስነሡት፤ ከዚያ ፋይሎችዎ መዳናቸውን ካረጋገጡ በኋላ በዲስኩ ላይ ያሉትን ፓርቲሽኖች አንድ በአንድ ሰርዘው «ያልተመደበ ቦታ» ብቻ ሲቀር እርሱን መርጠው ይቀጥሉ። መጫኛው የሚያስፈልጉትን ትናንሽ ፓርቲሽኖች ራሱ ይሠራል፤ እርስዎ መከፋፈል አይጠበቅብዎትም።

መሰረዙ እምቢ ካለ ወይም ስህተት ከሰጠ የሚከተለውን ያድርጉ፤ ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ከእያንዳንዱ በኋላ ኢንተር ይጫናል።

1. በመጫኛው ገጽ ላይ ሳሉ ሺፍትና ኤፍ 10ን አብረው ይጫኑ። ጥቁር መስኮት ካልመጣ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ጨምረው ይሞክሩ።
2. ዲስክፓርት (diskpart) ብለው ይጻፉ፤ ቀጥሎ ሊስት ዲስክ (list disk)።
3. የዲስኮቹ ዝርዝር ከነመጠናቸው ይወጣል። እዚህ ላይ ይቁሙና መጠኑን ያንብቡ። ዜሮ ቁጥር ሁልጊዜ የላፕቶፑ ዲስክ ነው ብለው አያስቡ፤ ፍላሹ ወይም ፋይል ያዳኑበት ውጫዊ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ውጫዊውን ዲስክ አስቀድሞ መንቀል ነው።
4. ሴሌክት ዲስክ (select disk) ብለው የትክክለኛውን ዲስክ ቁጥር ይጨምሩ።
5. ክሊን (clean)፤ ቀጥሎ ኮንቨርት ጂፒቲ (convert gpt)። ከክሊን በኋላ መመለሻ የለም።
6. ኤግዚት (exit) ብለው ይውጡና በዲስክ ዝርዝሩ ገጽ ላይ ሪፍሬሽን ይጫኑ።

መሃል ላይ እየቆመ ሲያስቸግር

ከሁሉ የሚያደክመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፍላሹ፣ ዲስኩና ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ሦስቱም አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። በ80070570፣ በ8007025D ወይም በ80070017 የሚያልቁት የስህተት ቁጥሮች በጥቅሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ የተነበበው መረጃ ጎድሏል ወይም ተበላሽቷል። የት ላይ እንደተበላሸ ግን አይናገሩም። ለዚህ ነው መቶኛውን መመዝገብ የሚጠቅመው። መጫኑ በተደጋጋሚ በአንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 37 ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ጥርጣሬው በፍላሹ ላይ ባለው ፋይል ወይም በዲስኩ አንድ የተበላሸ ቦታ ላይ ይወድቃል። አንዴ 12፣ አንዴ 64፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ ሰማያዊ ስክሪን የሚያወጣ ከሆነ ግን ራሙን፣ የላፕቶፑን መጋል ወይም የላላ መሰኪያን ይጠርጥሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍላሹን፣ መሰኪያውንና ራሙን በአንድ ላይ ቀይሮ መጫኑ ቢሳካ እንኳ የትኛው ጥፋተኛ እንደነበር አይታወቅም፤ ችግሩም ከወር በኋላ ይመለሳል። መጀመሪያ በሌላ ፍላሽ ላይ በሌላ ኮምፒዩተር አዲስ መጫኛ ያዘጋጁ። ያው ከሆነ ወደ ዲስኩ ይሂዱ።

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲያረጅ በጆሮ ይታወቃል። መጫኛው ቆሞ ሳለ ጆሮዎን ከላፕቶፑ መዳፍ ማሳረፊያ ላይ ያስጠጉ፤ እኩል የሆነ ቀጭን የመሽከርከር ድምፅ ጤናማ ነው፤ «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ቆም ብሎ እንደገና የሚጀምር ድምፅ ግን የማንበቢያው ጭንቅላት ቦታውን እያጣ መሆኑን ያሳያል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ፎርማት እያደረጉ መሞከር ይብቃ፤ ውስጡ ፋይል ካለ እያንዳንዱ ማብራት ያባብሰዋል። ድምፅ ከሌለው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተው ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይመርምሩት፤ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ካሳየ እና የተተኩ ወይም ሊተኩ የሚጠባበቁ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ የመጻፊያ ቦታዎች) ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ መቀየሩን ይመኑ።

በእኛ አካባቢ ሃርድ ዲስክን የሚጎዳው መንገድ ጭምር ነው። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ዘግተው በሐረጎ ጠመዝማዛ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ዲስኩ መሽከርከሩን ላያቆም ይችላል፤ እየተሽከረከረ የሚናጥ ዲስክ ደግሞ ጭንቅላቱ ከሰሌዳው ጋር ይጋጫል። ከፍታም ድርሻ አለው፤ ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ ብዙዎቹ አምራቾች ለተራ ሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጡት የአገልግሎት ጣሪያ 3000 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ በ2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አታሰጋም፤ ከ3000 ሜትር በላይ ባሉት የወሎ ውርጭ ቀበሌዎች ለሚሠሩ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ግን ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ እንዲይዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ዲስኩ ደኅና ከሆነ ራሙ ይፈተሻል። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥተው ይሞክሩ፤ ከዚያ ያወጡትን መልሰው ሌላውን ያውጡ። የወርቅማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ማሸት የተጠራቀመ ቆሻሻን ያነሣል፤ ብናኙን በብሩሽ አራግፈው ይሰኩት። ሜምቴስት 86 በፍላሽ ተነሥቶ ራሙን ለሰዓታት ይፈትሻል፤ አንዲት ቀይ መስመር እንኳ ካወጣ ራሙ መቀየር አለበት። በመጨረሻም የማቀዝቀዣውን ቀዳዳ ይዩ፤ በአቧራ የተደፈነ ላፕቶፕ በሥራ ብዛት ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ ይህም ከመብራት መቋረጥ ጋር ይምታታል።

ዳግም ሲነሣ ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ

መጫኛው ፋይሎቹን ገልብጦ ሲጨርስ ላፕቶፑን ያጠፋና ያበራል። በዚህ ጊዜ ከፍላሹ እንደገና ከተነሣ ቋንቋ ምረጡ የሚለው የመጀመሪያ ገጽ ይመጣል፤ ባለቤቱም አልተሳካም ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ምንም አልተበላሸም። ላፕቶፑ ሲጠፋ ፍላሹን ይንቀሉ፤ ወይም «ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ምንም አይንኩ። ፍላሹ ተነቅሎ መነሻ አላገኘሁም የሚል ከሆነ ባዮስ ገብተው «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ከመነሻዎቹ ቀዳሚ ያድርጉት፤ ሌጋሲ በርቶ ከሆነም ያጥፉት።

ቀኑና ሰዓቱ

የባዮስ ባትሪዋ ስትደክም ላፕቶፑ ቀኑን ይረሳል። ያን ጊዜ ቀኑን የሚያስተካክለው ሰው በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ቢሞላ ኮምፒዩተሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ይቆጥረዋል፤ በኢንተርኔት የሚያገኛቸው የደኅንነት ምስክር ወረቀቶች ሁሉ ገና ያልተሰጡ ስለሚመስሉት አካውንት ማስገባትም ሆነ ፈቃዱን ማረጋገጥ አይሳካለትም። በባዮስ ውስጥ የሚሞላው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ በኮምፒዩተሩ 9 ሰዓት ይሁን። ባትሪዋ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

ዊንዶውስ 11 ላፕቶፑን አልቀበልም ካለ

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ሴክዩር ቡት (ሲነሣ ያልተፈቀደ ፕሮግራም የሚከለክል ቅንብር) እና ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቁልፎችን የሚይዝ ቺፕ) ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ቲፒኤም የለም ካለ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ይፈልጉት፤ በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰሩ የቆየ ከሆነ ግን በሩፉስ ቅድመ ሁኔታዎቹን አልፎ መጫን ቢቻልም፣ ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ጭነት አፕዴት ለመስጠት ዋስትና ስለማይገባ ለሥራ ላፕቶፕ አልመርጠውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚ የተራዘመው የደኅንነት አፕዴት ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የወጣው። ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ብቻ ለሚፈለግ አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን መጫን የተሻለው ውሳኔ ይመስለኛል።

ከተጫነ በኋላ

መጫኑ ተሳክቶ ኢንተርኔት ያገናኙ በሚለው ገጽ ላይ ዋይፋይ ካልታየ የዋይፋዩ ድራይቨር ጎድሏል። ስልክዎን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው በስልኩ የዩኤስቢ ቴዘሪንግን ያብሩ፤ አንድሮይድ ስልክ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ኔትወርክ ገመድ ሆኖ ያገለግላል። ዊንዶውስ በዚህ መንገድ ብዙ ድራይቨር ስለሚያወርድ የጥቅሉን መጠን አስቀድመው ይመልከቱ፤ አስፈላጊው ዋይፋይ ከተጫነ በኋላ የቀረውን በቢሮ ወይም በትምህርት ቤት ዋይፋይ መጨረስ ይቻላል።

ኢንተርኔት ከተገናኘ በኋላ የሚመጣው ገጽ የማያውቁትን የውጭ ድርጅት ስም አሳይቶ የድርጅቱን አካውንት ከጠየቀ፣ ላፕቶፑ ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የመጣና ከቀድሞ ድርጅቱ መዝገብ ያልተሰረዘ ነው። ፎርማት ማድረግ ይህንን አያነሣውም፤ ወደ ሸጠልዎት ሰው ይዘውት ይሂዱ። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙም ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ኢንተርኔት አገናኝተው ይህንን ገጽ ማለፉን ይመልከቱ።

ፈቃድ በተመለከተ፣ ላፕቶፑ ቀደም ሲል ሕጋዊ ዊንዶውስ ከነበረው ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተመሳሳዩ ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ሲጫን ኢንተርኔት እንዳገኘ በራሱ ይሠራል። ቁልፍ ሲጠየቁ «የለኝም» ብለው ማለፍ ይችላሉ።

በመጨረሻ የቀዱትን የፎንት ፎልደር ከፍተው የግዕዝ ፎንቶቹን ብቻ ይምረጡና ጫን ይበሉ፤ ሌሎቹን ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አያደባልቁ። ከቅንብሮች ውስጥ አማርኛን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ ያስገቡ፤ የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት የሆነው ኒያላ ካልታየም ከአማራጭ ተጨማሪዎች ውስጥ ከኢትዮጵያ ፎንቶች ጋር ያገኙታል። ከዚያ ከቀዷቸው ሰነዶች መካከል አንድ የቆየ በፓወር ግዕዝ የተጻፈና አንድ በዩኒኮድ የተጻፈ ከፍተው ሁለቱም በትክክል መነበባቸውን ሳያዩ፣ ፋይሎቹን ያዳኑበትን ውጫዊ ዲስክ አያጽዱ።